የሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ኩርፊያ

«እሷን እየጎተትኩ ባይሆን ኖሮማ፣ እትዬ፣ አምናውኑ አልፌ ነበር» ሲል በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ሰሃን አጥባለሁ፤ ባሌ ሳሎን ሶፋው ላይ እግሩን ሰቅሎ ከታላቅ እህቱ ጋር በስልክ ያወራል። ቧንቧውን የዘጋሁት ሰሃኑ ስላለቀ ነው እንጂ ጆሮ ለመጣል ብዬ አይደለም፤ ማንም የፈለገውን ይበል። ውሃው ቀጥ ሲል ያቺ ቃል ጥርት ብላ መጣች። እየጎተትኩ! ምን፣ እኔ ጋሪ ነኝ? ደሜ ፈላ። እጄን በፎጣ አደራርቄ፣ በፊቱ አልፌ መኝታ ቤት ገባሁና በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። ድርግም አድርጌ ብዘጋው ኖሮ «ምን ሆነሻል?» ይለኛል፣ እኔም የሆዴን እዘረግፍለታለሁ፣ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ቀስ አድርጌ ስለዘጋሁት ግን ኩርፊያው ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ኩርፊያ በእኛ ቤት ሥርዓት አለው። ምግብ ይሠራል፣ ሻይ ይቀዳል፣ ሸሚዝ ይተኮሳል፤ የሚቆመው ምላስ ብቻ ነው። ልምምድም አልቀረም። እንደ ወትሮው ማለዳ እየተነሳን፣ ጎን ለጎን፣ ጭጭ ብለን እንሮጣለን። ያየን ሰው «እንዴት ቢዋደዱ ነው!» ሳይል አይቀርም። ባሌ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ተማሪ አጠገቡ አስቀምጦ «ቀስ! ፍሬን! ማርሽ ቀንስ!» ሲል ይውልና ልማዱን ይዞት ወደ እኔ ይመጣል። ዳገት በደረስን ቁጥር «ማርሽ ቀንሺ!» ይለኛል። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ በሕይወቴ ማርሽ ነክቼ አላውቅም። በኩርፊያው ሰሞን ያቺንም ቃል ዋጣት። አልዋሽም፣ ናፈቀችኝ። የሳሎኑ አምፖል የተቃጠለውም ያን ሰሞን ነው። ማንም ለማንም «አምፖል ተቃጥሏል» ስላላለ ማንም አልገዛም። እሱ እኔን ይጠብቃል፣ እኔ እሱን እጠብቃለሁ፤ ከኮሪደሩ በሚመጣ ጭላንጭል እየተደናበርን መብላት ጀመርን። ኋላ ጉድ ያፈላችው ይቺው አምፖል ናት።

የምንለማመድለት ውድድር ግማሽ ማራቶን ነው። ለእኛ ግን መሞከሪያ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሙሉው ማራቶን አለ፤ እዚያ ለመመዝገብ ግማሹን ከሁለት ሰዓት በታች መጨረስ ግድ ነው። አምና ጎን ለጎን ገብተን ለጥቂት አመለጠን። ባሌ ሙሉውን ማራቶን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው የኖረ ሰው ነው። ይህንን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ያሳደጉት እህቱ ናቸው፤ እናታቸው ቀድመው ስላለፉ ጡት ከማጥባት በቀር ያላደረጉለት ነገር የለም። ጸጉሩ መሳሳት የጀመረውን ሰውዬ ዛሬም «ማሙሽ» ነው የሚሉት። እሱም እትዬ ፊት ሲቀርብ የእውነት ማሙሽ ይሆናል፤ ያሉትን ሁሉ «እሺ» ነው። ሙሉውን ማራቶን እኔም እመኘዋለሁ። ያልተናገርኩት ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት፣ ገና ሳይነጋ፣ ሁለቱ የደረት ቁጥሮች ጠረጴዛው ላይ ከዳቦው አጠገብ ተቀምጠዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ አንድ ልማድ አለ፤ ከመጀመሪያው ውድድራችን ጀምሮ ማንም የራሱን ቁጥር ለራሱ አይሰካም። እኔ ለእሱ እሰካለሁ፣ እሱ ለእኔ ይሰካል። ያን ቀን ላፈርሰው አስቤ ነበር። ግን መርፌ ቁልፎቹን ይዞ መጥቶ ፊቴ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እንደ ተማሪ ልጅ ደረቱን ሰጥቶ። ምን ላድርገው! ከላይ ያለውን ቁጥር አነሳሁና በዚያ ጭላንጭል ሰካሁለት። የሰፊ እጅ ነው፣ አራቱም ጥግ አልተዛነፈም። ትንፋሹን ይዞ ነበር የቆመው። ከዚያ ተራው ሆነና የቀረውን ቁጥር አንስቶ እኔ ላይ መሰካት ጀመረ። ሲጨርስ አልሄደም፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ደረቴን አየ፣ የራሱን ደረት አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ሊናገር ነው ብዬ ጠበቅሁ። ይቅርታ ቢለኝ እዚያው አንገቱ ላይ እጠመጠም ነበር። እሱ ግን የመኪናውን ቁልፍ አነሳና ወጣ። መንገዱን ሙሉ ሬዲዮው ብቻ አወራ።

መነሻው ቦታ የሰው ጎርፍ ነው። መጸዳጃው ጋ ሰልፉ እጥፍጥፍ ብሏል፤ ሙዝ የምትሸጥ ሴትዮ የሰፈራችንን ዋጋ እጥፍ ጠርታ፣ ሰውም እየተሻማ ይገዛታል። ከጎኔ የቆመች ወጣት «ጫማዬ አዲስ ነው፣ ይልጠኝ ይሆን?» እያለች ታወራኛለች። «ይልጥሻል፣ ግን ትረሺዋለሽ» አልኳት። አንዷ መርፌ ቁልፍ እንዳትወጋኝ ላስተካክል ጎንበስ ስል ነው ቁጥሩን ያየሁት። አብረን ስለተመዘገብን ቁጥራችን የሚለየው መጨረሻው ላይ ብቻ ነው፤ የእኔ በአራት፣ የሱ በአምስት ያልቃል። ደረቴ ላይ ያለው አምስት ነው። ቀና ብዬ አየሁት፤ የእኔን አራት ለጥፎ ተገትሯል። ሰዓት የሚቆጥረው መሣሪያ ከወረቀቱ ጀርባ ተለጥፏል፤ ማን ስንት ሰዓት እንደፈጀበት የሚያውቀው በወረቀቱ ነው። ነቅሎ ለመቀየር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አፌን ከፈትኩ። ልክ ያኔ ባሌ ወደ አንድ የማያውቀው ወፍራም ሰው ዞር ብሎ «ዳገቱ ላይ ማርሽ ቀንስ ወንድሜ፣ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው» አለው። የእኔን ቃል! ለእኔ የምትባለዋን፣ ለመንገደኛ! አፌን መልሼ ገጠምኩት። ምን ቆርጦኝ ነው ቀድሜ የምናገረው? የሚሆነው ይሁን።

ስንነሳ እንደ ልማዳችን ጎን ለጎን ነበርን። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ስሮጥ እግሬን አላዳምጥም፣ የሱን ትንፋሽ ነው የማዳምጠው። አብረን መሮጥ ከጀመርን ወዲህ እንዲያ ነው። ትንፋሹ ሲያፏጭ እግሬ ሳልጠይቀው ዝግ ይላል፤ ሲረጋለት መልሶ ይፈጥናል። ልክ የስፌት መኪናዬ ላይ፣ ጨርቁ ሲወፍር እግሬ ፔዳሉን በራሱ ቀለል እንደሚያደርገው። ይህንን ለእሱ ነግሬው አላውቅም፤ የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። እሱ ደግሞ እኔ ዝግ ስል አይቶ፣ ደከመች ብሎ፣ አብሮኝ ዝግ የሚልልኝ መስሎት ኖሯል። ከእንጨት መጋዘኖቹ በኋላ ረጅሙ ዳገት ጀመረ። ከመካከሉ ላይ ያቺ ፉጨት መጣች። እግሬ ዝግ አለ። «እየጎተትኩ» የምትለዋም ቃል መጣች፣ ቧንቧው ተዘግቶ እንደሰማኋት ጥርት ብላ። ነው እንዴ? አልኩ በሆዴ። እንግዲያው ገመዱን ልበጥስልህ። እግሬን ለቀቅሁት።

ወደ ኋላ አልዞርኩም። ፉጨቷ ራቀች፣ ከዚያ ጠፋች፣ በምትኩ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ። ለካ እኔም ትንፋሽ አለኝ! ከዳገቱ ጫፍ ወዲያ መንገዱ ተዘረጋ፤ በሁለቱም ወገን ፎቅ ላይ ያሉ ሴቶች ድስት እየመቱ እልል ይላሉ፣ አንዱ ሽማግሌ በፒጃማው በረንዳ ላይ ቆሞ «አይዞሽ ልጄ፣ ቀላል ነው!» ይላል፤ ቀላል መሆኑን ከየት እንዳወቀው እንጃ። ደስታና ንዴት ተቀላቅሎብኝ እየሳቅሁ እሮጣለሁ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ግን ሆዴ ባባ። ወድቆ ይሆን? ልመለስ? ምን ቆርጦኝ ብዬ ቀጠልኩ። ወደ መጨረሻው ቀኝ እግሬ፣ ቀኑን ሙሉ ፔዳል የምትረግጠው፣ እንደ እንጨት ደረቀች፤ እየለመንኳት፣ እየሰደብኳት አደረስኳት። መድረሻው ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ሰዓት ሳየው ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ሁለቴ ጠራርጌ ነው ያመንኩት። ከሁለት ሰዓት በታች! በሰፊው! እንደ እብድ ብቻዬን «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ።

እትዬ መድረሻው አጥር ላይ ጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል። አንድ እጃቸው ስልካቸው ላይ ነው፤ ጎረቤታቸው የሯጮች መከታተያ ጭኖላቸው የወንድማቸውን ስም ከፍተው ያያሉ። እኔ ፊታቸው ተገትሬ ላቤ እየተንጠባጠበ እሳቸው ዓይናቸውን ከስልኩ ሳይነቅሉ «ገባ! ማሙሽ ገባልኝ! ከሁለት ሰዓት በታች!» እያሉ አጠገባቸው ያሉትን የማያውቋቸውን ሰዎች ሁሉ ያቅፋሉ። ኋላ ቀና ሲሉ አዩኝ። ከእግር እስከ ራሴ መረመሩኝ።

«አንቺ ደሞ ከመቼው? አቋረጥሽ እንዴ?»

አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ሜዳሊያ በሁለት ጣት አነሱና «ላቋረጠም ይሰጣሉ?» አሉ፣ ለክፋት ሳይሆን የእውነት ገርሟቸው። ያኔ ነው ነገሩ ሙሉ በሙሉ የገባኝ። ያ የለፋሁበት ሰዓት፣ ያ ዳገት፣ ያ ድልድይ፣ ያቺ እንጨት እግር፣ ሁሉም በባሌ ስም ተጽፏል። እሱ ዘግይቶ በእኔ ቁጥር ሲገባ ደግሞ የቀረሁት እኔ እሆናለሁ። አሁኑኑ ላፍርጠው? እትዬ ያምኑኛል? ቢያምኑኝስ፣ እሱ ምን ይላል? ዝም ካለ ሙሉው ማራቶን የሱ ነው፤ የልጅነት ምኞቱ ያለ አንዳች ድካም እጁ ገባ ማለት ነው። ወሰንኩ፤ አልናገርም፣ እሱ ሲናገር ማየት አለብኝ። ከወሰንኩ በኋላ ግን ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ዝም ቢልስ? ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ውስጥ ሻይ የምቀዳለት በየትኛው እጄ ነው?

መጣ። አሳዘነኝ ልበል አናደደኝ፤ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ሁለቱ ሰዓት ካለፈ ከቆየ በኋላ መጣ። የውሃ ጠርሙሴን ዘረጋሁለት፣ አልተናገርኩም። እትዬ እሱ አሁን መግባቱን አላዩም፤ እዚህ እዚያ ሲያርፍ ቆይቶ የመጣ መስሏቸው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። «አንበሳዬ! ይኸው፣ ይኸው እየው!» ብለው ስልኩን ዓይኑ ሥር ደቀኑት። አነበበ። ስሙ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ከጎኑ በአረንጓዴ «ለሙሉ ማራቶን አልፏል» ይላል። ደጋግሞ አነበበ። የራሱን ደረት አየ፣ የእኔን ደረት አየ። እትዬ እንባቸውን እየጠረጉ «እናታችን ይህን ሳታይ! ቆይ ፎቶ፣ ፎቶ» አሉና ላንዱ ወጣት ስልካቸውን ሰጥተው ጎኑ ቆሙ። ባሌ ፎቶ ተነሳ። ፈገግ ብሎ! አለቀ፣ አልኩ በሆዴ፤ ይሄን ሰው አላውቀውም።

ፎቶው እንዳለቀ ከእህቱ ክንድ ወጣ፣ ወደ እኔ መጣና «ነይ» አለኝ።

በሦስት ሳምንት የመጀመሪያዋ ቃል። ሳልጠይቅ ተከተልኩት። ሁለታችንም እያነከስን ነው፤ እትዬ ጥላቸውን እንደዘረጉ «የት ነው? ማሙሽ፣ የት ነው?» እያሉ ከኋላ ይከተላሉ። ድንኳን ሥር፣ የውጤት ማስተካከያ የሚል የተጻፈበት ጠረጴዛ ጋ አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠዋል። ባሌ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ «ቁጥራችን ተቀያይሯል። በእኔ ስም የገባው ሰዓት የሷ ነው። እኔ ዘግይቼ ነው የገባሁት» አለ።

እፎይ። ያን ጊዜ ከውስጤ የወጣውን አየር ብታዩት፤ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ስሮጥ እንኳ ያን ያህል አልተነፈስኩም። የጠረጴዛውን ጫፍ ያዝኩ። እትዬ «ማሙሽ! ምን ነካህ? ማን ጠየቀህ?» አሉ። ሴትዮዋም አልተቻኮሉም። በሌላ ሰው ቁጥር መሮጥ ክልክል መሆኑን፣ ሁለታችንም ልንሰረዝ እንደምንችል በደረቁ ነገሩን። ደግሞ ደንገጥ አልኩ። ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «መቼ ነው ያወቃችሁት?» አሉ።

«መነሻው ላይ» አልኩ እኔ።

«ቤት፣ ስሰካላት» አለ እሱ።

«አንተ!» አልኩት ሳላስበው። ለካ ያኔ ጉሮሮውን የጠረገው ለዚህ ነው! ሴትዮዋ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩ። «እና ለምን አልተነጋገራችሁም?» ሲሉ ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። በመጨረሻ ባሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተኳርፈን ነበር» አለ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «የቤቴን ገመና የሰማሁ መሰለኝ» አሉ። የመድረሻውን ካሜራ ፎቶ ከፍተው፣ እኔ አፌን እንደ በር ከፍቼ «እሰይ!» ስል፣ ደረቴ ላይ ያለችውን አምስት አይተው፣ የሱንም በሰዓቱ ፈልገው አገኙ። አለቃቸውን በስልክ አስፈቀዱ። ያ ጥሪ እስኪያልቅ ጥፍሬን ጨረስኩት። ከዚያ ወደ ባሌ ዞር አሉ። «አስተካክዬዋለሁ። እሳቸው አልፈዋል። እርስዎ ግን አላለፉም፤ ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል» አለ። ትልቅ ሰው ነው፣ ምኞቱን በገዛ እጁ መልሶ ሰጠ፤ አንጀቴን በላው። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረና፣ እሳቸው ፊት ታይቶኝ በማያውቅ ድምፅ፣ እንደ አስተማሪም እንደ ማሙሽም ሳይሆን፣ እንደ ሰው ተናገረ። «እትዬ፣ ያን ቀን በስልክ ያልኩሽን እርሺው። ስትጠብቀኝ የኖረችው እሷ ናት። ዛሬ ዳገቱ ላይ ስትለቀኝ ነው የገባኝ። አምናም ያስቀረኋት እኔ ነኝ።» ወደ እኔ ዘወር ሳይል እኔን ጠየቀኝ፤ «ሰምተሽኝ ነበር፣ አይደል?»

«ቧንቧው ተዘግቶ ነበር» አልኩት።

እትዬ ከቦርሳቸው ለማሙሽ ብለው የያዙትን የተላጠ ብርቱካን አወጡ፤ ለእሱ ሊዘረጉ ሲሉ እጃቸው መንገድ ላይ ተመለሰና ወደ እኔ መጣ። «ብዪ፣ ከንፈርሽ ደርቋል» አሉኝ። ጥላቸውንም ትንሽ ወደ እኔ አዘነበሉት። ይቅርታ ሲሉ ሰምቼያቸው አላውቅም፤ ያን ቀንም አላሉም። ብርቱካኑ ግን ጣፋጭ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ሱቅ በር ላይ መኪናውን አቆመና አምፖል ገዝቶ መጣ። እኔ ሳላዝዘው! ትልቁ ውድድር ከመድረሱ በፊት ሌላ ግማሽ ማራቶን አለ፤ እሱ ገና ዕድል አለው። «እዚያ አብሬህ እሮጣለሁ» አልኩት። «ፉጨትህን እየሰማሁ፣ ሳላስቀድምህም ሳልቀድምህም ከሁለት ሰዓት በታች አስገባሃለሁ። ግን በእኔ ማርሽ ነው።» ትንሽ አሰበና «አንቺ እኮ ማርሽ ነክተሽ አታውቂም» አለኝ። ሦስት ሳምንት የናፈቀኝ ይሄ ነበር። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ቤት ስንደርስ ወንበሩ ላይ ለመውጣት አንድ ሙሉ ጭቅጭቅ ፈጀብን፤ የሁለታችንም እግር አልታዘዝ ብሏል። በመጨረሻ እሱ ወጣ፣ እኔ ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩ። «ይዘሻል?» አለኝ ከላይ። «ይዣለሁ» አልኩት። አምፖሉን እያዞረ፣ «ለማንኛውም ቀድመሽ የተናገርሽው አንቺ ነሽ፤ ውሃውን ስትሰጪኝ ‹እንካ› ብለሻል» አለ። አላልኩም! ውሃውን ዘረጋሁ እንጂ ቃል አልወጣኝም። ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው፤ «ነይ» ብሎ፣ ያውም ሰው ፊት፣ ያውም እህቱ እየሰሙ። እኔ ወንበር ሥር፣ እሱ ላዩ ላይ ሆነን ስንጨቃጨቅ መብራቱ በራ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልታየው የጠረጴዛው አቧራ፣ ጠዋት የተውነው ዳቦ፣ የባሌ ደረት ላይ ያለችው አራት፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ታየ። «ውረድና ልንቀልልህ» አልኩት።